የአገጬ ነገር

መስከረም 12

ለተከበሩ አክስቴ፣

ጤናዎ እንዴት ሰነበተ? ጉልበትዎስ? የመሥሪያ ቤቱን ደረጃ ዛሬም እየረገሙ ነው የሚወጡት ወይስ ታረቃችሁ? እኔ በሰው አገር እህል ውሃው ተስማምቶኝ፣ ሥራዬን ይዤ አለሁ። ናፍቆትዎን ግን አልለመድኩትም፤ በዚህ ልዋሽዎ አልችልም።

ከደብዳቤው ጋር በጥጥ የጠቀለልኩት ነገር አለና ቀስ ብለው ይፍቱት። መነጽር ነው። የገዛሁት እንዳይመስልዎ! በዚህ መነጽር ቤት ጓዳ ሦስት ዓመት የሌላ ሰው ሥራ ስሞርድና ስወለውል ከርሜ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ብቻዬን የሠራሁት የመጀመሪያው መነጽር ይኸው የእርስዎ ነው። ልብ ብለው ካዩት መስታወቱ ላይ ቀጭን መስመር አለች። ከመስመሯ በላይ ያለው ለሩቅ ነው፣ ከመስመሯ በታች ያለው ለቅርብ። ጽሑፍ ሲያነቡ በታችኛው ይመልከቱ። የሐኪሙን ወረቀት ልከውልኝ ስለነበር ቁጥሩ አያሳስብም። የመስመሯን ቦታ ፊትዎን ሳላይ እንዴት እንዳወቅኩ ግን አይጠይቁኝ፤ የእጄ ምስጢር ነው።

አሁን አንድ ነገር ላስቸግርዎ። ሁላችንም "ሽማግሌው" የምንላቸው አለቃዬ፣ ደንበኛ ፊት ለፊት ተቀምጦ የመለካቱን ሥራ በቀላሉ ለማንም አይሰጡም። "የመጀመሪያ ሥራህን ሰው ፊት ላይ ሳላየው ከጓዳ አትወጣም" ብለውኛል። እባክዎ መነጽሩን አድርገው ፎቶ ይነሱና ይላኩልኝ።

ሳቅዎ ከቤትዎ አይጥፋ፤
የወንድምዎ ልጅ


ጥቅምት 20

ለፍንጭቴ፣

ጤናዬ ደህና ነው። ከደረጃው ጋር አልታረቅንም፤ ማን ቀድሞ እንደሚፈርስ እየተጠባበቅን ነው። አንተስ? እዚያ አገር ጥርስ ያስገጥማሉ ሲሉ ሰምቼ የፊት ጥርስህን ክፍተት እንዳትነካብኝ። ስም ያወጣሁልህ በእሱ ነው።

መነጽሩ ደረሰኝ። ልጄ፣ እጅህን ቁርጥማት አይንካው! ጥጡን ስፈታ እንባዬ ቀደመኝ። በዚያው ቀን ክር መርፌ ውስጥ በአንድ ጊዜ አስገባሁ፤ እንዲህ ካደረግኩ ስንት ዓመቴ መሰለህ! ጎረቤቴ ልብስ ሰፊዋ "ይሄን የመሰለ ማን ሠራልሽ?" ብትለኝ "ያሳደግኩት" አልኳት። ሌላ ቃል አልጨመርኩም።

መስኮቴን ታውቀዋለህ፤ የመዝገብ ቤቱ ቁጥር ሦስት። ከትምህርት ቤት እየመጣህ ከኋላዬ ተቀምጠህ የቤት ሥራህን የምትሠራበት። ዘንድሮ እዚያ ወንበር ላይ ሃያ ሁለት ዓመት ሞላኝ። ሰው በዕድሜው ሦስት ጊዜ ወደ እኔ ይመጣል፤ ሲወለድ፣ ሲያገባና ሲሞት፤ ለሦስተኛው ሌላ ሰው ይልካል እንጂ። ምን ልበልህ፣ መስኮቴን እወደዋለሁ። ሰሞኑን ሰዉ ምን እንደነካው አላውቅም እንጂ… ብቻ ተወው። ሥራ ነው።

ፎቶውን ጸጉሬን ስሠራ እልክልሃለሁ።

የቆምክበት ሁሉ ይመችህ፤
አክስትህ


ኅዳር 18

ለተከበሩ አክስቴ፣

እንዴት ነዎት? እኔ ደህና ነኝ፤ ግን አንድ ነገር ከንክኖኛል። ደብዳቤዎ ስለ መርፌና ክር ብዙ አውርቶ መስኮቱ ጋ ሲደርስ አፉን ዘጋ። እርስዎ ደግሞ የመሥሪያ ቤት ወሬ ሳይነግሩኝ የቀሩበት ቀን የለም። "ብቻ ተወው" የምትለዋን ቃልዎንም አውቃታለሁ። አባቴ ያረፈ ዕለት "ምን ሆነዋል?" ስልዎ "ብቻ ተወው" ብለው ነው ወደ ጓዳ የገቡት። ማን ምን አለዎት? ይንገሩኝ እንጂ!

ፎቶውንም እየጠበቅኩ ነው። ሽማግሌው በየሰኞው "ፊቷ መጣ?" ይሉኛል። ጸጉር ለመሥራት አንድ ወር ከፈጀ እሱ ጸጉር አይደለም፣ ደን ነው።

ክፉ አይንካዎ፤
የወንድምዎ ልጅ


ጥር 8

ለፍንጭቴ፣

ዝም ስላልኩህ አትቀየመኝ። ስልክ እንዳልደውል ድምፄ ያሳብቅብኛል፤ እንዳልጽፍ ደግሞ ምን ብዬ? አሁን ግን ከሌላ ሰው ከምትሰማው ከእኔው ስማው።

መሥሪያ ቤታችን በር ላይ የአስተያየት መስጫ ሳጥን አለ። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ በእኔ ላይ የተጻፈ አንድ ቅሬታ ብቻ ነበር፤ እሱም እስክሪብቶውን በገመድ ስላሰርኩት። ከጥቅምት ወዲህ ስንት እንደገባ ገምት። ሠላሳ አንድ! "መስኮት ሦስት ያለችው ሴትዮ ናቀችኝ።" "አፍንጫዋን ነፍታ አየችኝ።" "ከእግር እስከ ራሴ ለካችኝ።" አንዱ ደግሞ "ቀጭኔዋ" ብሎ ጻፈ፤ ይሄ ስም ወጥቶልኝ አረፈው። አሁን ተላላኪዎቹ ሁሉ "ቀጭኔዋ ጋ ውሰደው" ይባባላሉ። እኔ እኮ ለአንዱም ክፉ ቃል አልተናገርኩም! "እንደምን አደሩ፣ መታወቂያዎን ያሳዩኝ" ነው የምለው፤ እንደ ድሮዬ። ባለጉዳዩ ወረቀቱን መስታወቱ ላይ ይለጥፍልኛል፣ ቀና ብዬ አነበዋለሁ፣ ጎንበስ ብዬ እጽፋለሁ፣ እንደገና ቀና፣ እንደገና ጎንበስ። ይሄ ነው ወንጀሌ።

ኩሩ ካስባለኝ ይቅር ብዬ አገጬን ደረቴ ላይ ደፍቼ፣ ከመነጽሩ በላይ በቅንድቤ ሥር አያቸው ጀመር። ባሰ! ልደት ልታስመዘግብ የመጣች እናት "ምነው ተቆጡ?" አለችኝ። "ኧረ እኔ!" ከማለቴ የታቀፈችው ሕፃን አይቶኝ በጩኸት ቤቱን አናወጠው። እሱንም ትቼ አንገቴን ወደ ጎን ሰበር አድርጌ ማንበብ ጀመርኩ። ይኸውልህ፣ አንድ ጡረታ የወጣ የባቡር ነጂ "እንዴት ያለች ሰው አክባሪ ናት" ብሎ የልደት ወረቀቱን ሦስት ጊዜ አስወጣ። በሦስተኛው አበባ ይዞ መጣ። ፊቴ ያው የድሮው ፊቴ ነው፤ መስታወት ፊት ቆሜ አየሁት፣ አልተለወጠም። በሦስት ወር ውስጥ ትዕቢተኛም፣ ጨካኝም፣ ባል ፈላጊም ተባልኩበት።

መጋቢት 10 የዲሲፕሊን ኮሚቴ ፊት እቀርባለሁ። ከመስኮቱ አንስተው ምድር ቤት፣ አሮጌ ዶሴ ያለበት ክፍል ሊያወርዱኝ ነው አሉ። ደመወዜ አይነካም፤ ግን እዚያ ሰው የለም። የሚወለድም የሚያገባም አይወርድም። እውነቱን ልንገርህ፣ አልቅሻለሁ። ያለ መስኮቴ ምን እንደምሆን አላውቅም።

መነጽሩ ግን እንደ ጉድ ነው፤ ጥፋቱ የእሱ እንዳይመስልህ። ፎቶም ተነስቻለሁ። ፎቶ አንሺው "አገጭዎን ዝቅ፣ ኧረ ዝቅ" እያለ ሲጨቀጭቀኝ ሁለት አነሳኝ፤ አንዱ እኔ እንደተመቸኝ፣ አንዱ እሱ እንዳለኝ። ሁለቱንም ይኸው።

አንተ ብቻ ደህና ሁንልኝ፤
አክስትህ


ጥር 29

ለተከበሩ አክስቴ፣

ደህና ነዎት ብዬ አልጠይቅም፤ እንዳልሆኑ አውቄያለሁ። ጥፋተኛውንም አውቄዋለሁ። እኔ ነኝ።

ሁለቱን ፎቶዎች ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን አድርጌ አየኋቸው። ፎቶ አንሺው እንዳለዎት ሲቀመጡ እርስዎ ነዎት፣ አክስቴ። እንደተመቸዎት ሲቀመጡ ግን አገጭዎ ሽቅብ ወጥቷል፣ የዓይንዎ ቆብ ወርዷል፤ እኔ ያሳደጉኝ እንኳ "ምን አጠፋሁ?" ልል ምንም አልቀረኝ። መስመሯን በጣም ዝቅ አድርጌ ነው የሠራኋት። መስታወቱ ላይ የተለጠፈ ወረቀት በታችኛው በኩል ለማንበብ አገጭዎን ማንሳት ግድ ሆነብዎ። ሲጽፉ ይደፉታል፣ ሲያነቡ ያነሱታል፤ ከመስኮቱ ወዲያ የቆመው ሰው ደግሞ ከእግር እስከ ራስ የለኩት ይመስለዋል። የእርስዎን ልብ በምን ይየው? የሚያየው አገጭዎን ነው።

ሽማግሌው ፎቶውን አንስተው ብዙ ካዩ በኋላ "ለምን ዝቅ አደረግካት?" አሉኝ።

"ፊቷ ስለሌለ ከፎቶ ለካሁ" አልኳቸው።

"ፎቶው ላይ ዓይኗ የት ነበር?"

ያኔ ነው የገባኝ። ምስጢሬ ያልኩዎት ይህ ነበር፤ ክፍሌ ግድግዳ ላይ ያለው፣ መስኮቱ ጀርባ የተነሳነው ፎቶ። እርስዎ ከላዬ ጎንበስ ብለው የሒሳብ ደብተሬን እያረሙ ነው። ብሌንዎ ወደ ታች ወርዶ ነበር፤ እኔ ጅሉ እዚያ ላይ ለካሁ። "ደብተሬ ላይ" አልኳቸው። ሽማግሌውም "በል ና፣ አንድ ነገር ላሳይህ" አሉኝ።

የሱቃችን መስኮት ላይ መነጽር የምናሳይበት የጀሶ ራስ አለ። አውርደው ጠረጴዛ ላይ አቆሙትና ሠራተኛውን ሁሉ ጠሩ። ግንባሩን ወደ ኋላ አዘንብለው "ምን ዓይነት ሰው ነው?" አሉ። "ኩራተኛ" አለ ሁሉም። ወደ ፊት ደፉት፤ "ሊጣላ የመጣ" አሉ። ወደ ጎን ሲያዘነብሉትማ ሒሳብ ያዧ "አይ ምስኪን፣ ደግ ነው" ብላ ጉንጩን ዳሰሰችው። እንዲያው አንስተው ቀስ ብለው እሺ እንደሚል ሰው ሲነቀንቁት "ከዚህ ሰው ጋር እሠራ ነበር" ያለም አልጠፋ። ጀሶ እኮ ነው! በምኑ ይኮራል? ማንንስ ይጠላል? ሳቃችን ሲያልቅ ሽማግሌው ወደ እኔ ዞረው "አንተ የሠራኸው መስታወት ብቻ መስሎህ ነበር፤ የአክስትህን አንገት ነው የሠራኸው" አሉኝ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

አዲሱን በሁለተኛው ፎቶ፣ ፎቶ አንሺው ባስተካከለዎት ለክቼ ሠርቻለሁ። ሽማግሌው ራሳቸው አጠገቤ ቆመው አዩት። ዛሬውኑ በፖስታ ልኬዋለሁ። ከመጋቢት 10 በፊት እንዲደርስ የማላውቀውን ጸሎት ሁሉ እየጸለይኩ ነው። አሮጌውን ይጣሉት።

ይቅር ይበሉኝ፤
የወንድምዎ ልጅ


መጋቢት 13

ለፍንጭቴ፣

እልል በል! ሽማግሌውንም እልል አሰኛቸው!

ጥቅልህ የደረሰኝ መጋቢት 8 ነው፤ ሁለት ቀን ሲቀረኝ። መነጽሩን አድርጌ ጋዜጣ ግድግዳ ላይ ለጠፍኩና አነበብኩ፤ አገጬ ንቅንቅ አላለም። ልብስ ሰፊዋን ጠርቼ "እንዴት ነኝ?" ብላት "ምነው፣ ዛሬ ታረቅሽኝ እንዴ?" አለችኝ። ለካስ እሷም አኩርፌያት ኖሯል የመሰላት!

ከዚያ ቁጭ ብዬ አሰብኩ። አዲሱን አድርጌ ገብቼ "እኔ ሰው አልንቅም" ብል ማን ያምነኛል? አሮጌውንም ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

ኮሚቴው አምስት ነው። ሰብሳቢው ምክትል ኃላፊያችን ናቸው፤ ትልቅ ሰው፣ ቁምነገረኛ፣ ሲስቁ ያየ የለም። አጠገባቸው ቃለ ጉባኤ የምትይዘው ጸሐፊያቸው ተቀምጣለች፤ ስምንት ዓመት አብራቸው የሠራች ዝምተኛ ልጅ። ሰብሳቢው ሠላሳ አንዱንም ቅሬታ አንድ በአንድ አነበቡ። ሲጨርሱ "የምትይው አለሽ?" አሉኝ።

"አንድ ጥያቄ አለኝ" አልኩ። "ከእነዚህ ውስጥ ከአፌ የወጣ ክፉ ቃል የጻፈ አለ?"

ወረቀቱን አገላበጡት። የለም።

"እንግዲያው ክሱ በአገጬ ላይ ነው" አልኩና ተነስቼ ከጠረጴዛው ወዲያ ማዶ ተቀመጥኩ። አሮጌውን አደረግኩ። ጸሐፊዋን መታወቂያዋን ዓይኔ ትይዩ እንድትይዝልኝ ለመንኳትና እንደ ሁልጊዜው አነበብኩት። "እንደምን አደርሽ፣ እባክሽ መታወቂያሽን አሳዪኝ።" ከኮሚቴው አንዱ፣ የንብረት ክፍሉ ኃላፊ፣ "ወይ ጉድ! እውነትም ትንቃለች" ብሎ አመለጠው። መነጽሩን ለወጥኩ። ያንኑ መታወቂያ፣ ያንኑ ቃል፣ በዚያው ድምፅ። "ፊቴን ለወጥኩት?" አልኳቸው። "ልቤንስ በምን ደቂቃ ለወጥኩት?" ያንተንም ነገር ነገርኳቸው፤ ልጄ ከሩቅ አገር በፎቶ ለክቶ እንደሠራልኝ፣ የጀሶውን ራስም ሳይቀር።

ሰብሳቢው አላመኑም። "ይሄ ቲያትር ነው" አሉና ሌላ ማስረጃ ሊያነቡ ዶሴውን ከፍ አድርገው ያዙ። እሳቸውም ባለ መስመር መነጽር ነው የሚያደርጉት! አገጫቸው ሽቅብ ወጣ፣ የዓይናቸው ቆብ ወረደ፣ በአፍንጫቸው በኩል አዩን። አራቱም የኮሚቴ አባላት ዞረው አዩዋቸው። አንድ ሰው ሳቁን ሊያፍን ሲሞክር አስነጠሰው።

"ምን ያስቃችኋል?" አሉ፤ አገጫቸው ይባስ ከፍ አለ።

እኔም አላስቻለኝም። "ጌታዬ፣ የእርስዎም መስመር ዝቅ ሳትል አልቀረችም" አልኳቸው። ያኔ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ።

ያልሳቀችው ጸሐፊዋ ብቻ ነበረች። እስክሪብቶዋን አስቀመጠችና በቀጭን ድምፅ "ጌታዬ፣ እኔ ስምንት ዓመት ሙሉ የሚንቁኝ ነበር የሚመስለኝ" አለች። "በየጠዋቱ ጽሑፌን ሳመጣልዎ እንደዚህ ነበር የሚያዩኝ።"

ሰብሳቢው መነጽራቸውን አወለቁ። ያለ መነጽር እንዴት ያለ የዋህ ፊት እንዳላቸው ብታይ! "አንቺን?" አሉ። "እኔ እኮ ያንቺን ጽሑፍ ሳነብ ነው እንደዚያ የምሆነው። ከዚህ ቤት ስህተት የሌለበት ያንቺ ብቻ ነው።" ልጅቷ እንባዋን ጠረገች፤ እኔማ ያለ ሐፍረት አለቀስኩ።

ዶሴዬ በዚያው ተዘጋ። "ወደ መስኮትሽ ተመለሽ" አሉኝ፤ ወደ ምድር ቤት የወረደው ሠላሳ አንዱ ወረቀት ብቻ ነው። ሰኞ ጠዋት ያቺ ባለ ሕፃን እናት መጣች። ልጁ አየኝ፣ አየኝና ሳቀልኝ። ከኋላ ሰልፍ ላይ ያ የባቡር ነጂ ነበር። ተራው ሲደርስ ቀጥ ብዬ ሳየው ቅር ብሎት "አንገትዎ ዳነ?" አለኝ። ልደቱን ግን አራተኛ ጊዜ አስወጥቷል።

ይቅርታ ለምነኸኛል። ይቅርታ የለህም፤ ምርቃት እንጂ። ያረፍክበት ወንበር ሁሉ የፊት ወንበር ይሁንልህ።

አክስትህ፣ ባለ መስኮት ሦስት


ሚያዝያ 9

ለተከበሩ አክስቴ፣

ምርቃትዎ በሰዓቱ ደረሰ! ደብዳቤዎን ለሽማግሌው እየተረጎምኩ አነበብኩላቸው። ጸሐፊዋ ጋ ስደርስ አስቆሙኝ፤ እንደገና አስነበቡኝ። ሲያበቃ ከመለኪያው ወንበር ተነሱና "ተቀመጥ" አሉኝ። በቃ፣ ይኸው ነው። ሦስት ዓመት የጠበቅኩት ቃል አንዲት ነበረች። ከትናንት ጀምሮ ደንበኛ ፊት ለፊት የምቀመጠው እኔ ነኝ። የመጀመሪያዋ አስተማሪ ነበረች። "ተማሪዎቼ ለምን እንደሚፈሩኝ አይገባኝም" ስትለኝ ቀና ብላ እንድትቀመጥ አድርጌ ከመነጽሯ መስመር ጀመርኩ።

አሮጌውን ይመልሱልኝና ግድግዳዬ ላይ ልስቀለው፤ እንዳልረሳ። የሰብሳቢውንም ልክ ይላኩልኝ፤ በስጦታ እሠራላቸዋለሁ።

ደስታዎ ይክረምልዎ፤
ከጓዳ የወጣው የወንድምዎ ልጅ


ግንቦት 2

ለፍንጭቴ፣

ሰብሳቢውን ጸሐፊያቸው ራሷ አጠገባቸው ቆማ ለክታልሃለች፤ ወረቀቱን አያይዤዋለሁ። በየጠዋቱ እንደምን አደርሽ ማለት ጀምረዋል፤ ልጅቷ አምሮባታል።

አሮጌውን አልመልስም። መሳቢያዬ ውስጥ ነው። የሰው ተራ ዘሎ መስኮቴ ላይ የሚለጠፍ ሲመጣ አወጣዋለሁ፣ አደርገዋለሁ፣ አገጬን ቀና አደርጋለሁ። አንድ ቃል ሳልተነፍስ ወደ ሰልፉ መጨረሻ ይሄዳል። "ቀጭኔዋ" የሚለውን ስምም ወድጄዋለሁ፤ አሁን በእኔ ፈቃድ ነው የምጠራበት።

ይኸው አዲስ ፎቶ። መስኮቴ ላይ፣ ፊት ለፊት፣ ቀጥ ብዬ። ያንን ደብተርህ ላይ ያጎነበስኩበትን ግን ከግድግዳህ እንዳታወርደው፤ እሱ የእናትነቴ ነው። ለመለኪያ ይሄኛውን ተጠቀም።

አክስትህ